የጥጉን ምልክት ማን አነሣው? ወጪውንስ ማን ከፈለ?



የዛሬው ደብዳቤ ርእስ ኢምንት መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለ ብድር ጫናም ሆነ ስለ ብር ምንዛሪ አይደለም፤ በኮምፒውተር ስክሪን ጥግ፣ ከሰዓቱ ጎን ተደርድረው ስለሚታዩት ትንንሽ ምልክቶች ነው። የድምፁ፣ የባትሪው፣ የቴሌግራሙና የቫይበሩ ምልክት የሚቀመጠው እዚያ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ምልክት ከእነርሱ መካከል አለ፤ ይኸውም ኪቦርዱ በዚህች ቅጽበት አማርኛ ይጽፍ እንደሆነ ወይም እንግሊዝኛ የሚነግረን ነው። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሁሉ ‹‹የጥግ ምልክት›› እያልኩ እጠራቸዋለሁ። የምከራከርበትም ነጥብ ይህ ነው፦ ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት የጥግ ምልክቶችን ከዴስክቶፕ ያነሡ ወይም የሸሸጉ ሰዎች ውሳኔያቸውን የውበትና የምህንድስና ጉዳይ አድርገው አቅርበዋል። ውሳኔው ግን በመሠረቱ የወጪ ድልድል ነው፤ ወጪው የተጫነውም በውሳኔው ውስጥ ድምፅ ባልነበራቸው ላይ ነው።

አሁን የማነሣበት ምክንያት አለኝ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14፣ 2025) አቋርጧል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ክፍል የሌለውን፣ ፕሮሰሰሩም ያረጀውን ማሽን በይፋ አይቀበልም። በአሮጌው ላይ ቆይቶ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘት የሚሻ ድርጅት ለአንድ ማሽን የመጀመሪያው ዓመት መደበኛ ዋጋ 61 ዶላር ነው፤ ዋጋው በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ቢበዛ ለሦስት ዓመት ይዘልቃል። በዚህ በአትላንታ ዙሪያ፣ ከክላርክስተን እስከ ቡፎርድ ሀይዌይ ያሉ የማኅበረሰብ ማኅበራት፣ ዕድሮች፣ የሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤቶችና የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት በስጦታ በተገኘ ወይም አንድ ባለሙያ ከመሥሪያ ቤቱ ሲወገድ ባመጣላቸው ኮምፒውተር ነው። ለእነርሱ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ሊኑክስ ጫኑ። ምክሩ በብዙ መልኩ ትክክል ነው፤ ነጻ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ዕድሜ ያራዝማል። ሊኑክስን የጫነው የማኅበር ጸሐፊ ግን በመጀመሪያው ቀን የሚፈልገው የአማርኛ መጻፊያው ምልክት ካለበት ቦታ ሊጠፋበት ይችላል።

እንዴት ጠፋ? የጥግ ምልክት በሰፊው የተለመደው በዊንዶውስ 95 ነው። በሊኑክስ ዓለም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) የዴስክቶፕ ሠሪዎች አንድ የጋራ ደንብ አወጡ። ኤክስኢምቤድ በሚባል ስልት አንድ ፕሮግራም የራሱን ትንሽ መስኮት ለዴስክቶፑ ያስረክባል፤ ዴስክቶፑም ጥጉ ላይ ይሰካዋል። ዛሬ በኡቡንቱ፣ በፌዶራና በዴቢያን ላይ ዋናው የዴስክቶፕ ሥርዓት የሆነው ግኖም በ2011 እንደ አዲስ ሲወጣ እነዚህን ምልክቶች ከዓይን አራቃቸው፤ በ2015 በስክሪኑ ግርጌ በስተግራ ባለች ትንሽ መሳቢያ ውስጥ አኖራቸው፤ በሴፕቴምበር 2017 በወጣው እትም 3.26 ደግሞ መሳቢያዋን ጨርሶ አስወገዳት። ለፕሮግራም ሠሪዎች የተሰጠው ምክር፣ ለተጠቃሚው የምትነግሩት ካላችሁ በማሳወቂያ ንገሩት የሚል ነበር።

ክርክሬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጠላ ቤት ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። ጠላ በሚሸጥበት ቤት ደጃፍ ዘንግ ይተከላል፤ በዘንጉ ጫፍ ላይም ጣሳ ይደፋል። ጣሳው ካለ ጠላ አለ፤ ጠላው ሲያልቅ ጣሳው ይወርዳል። ባለቤቷ መንገደኛውን አትጠራም፤ መንገደኛው በፈለገ ሰዓት ቀና ብሎ ያያል፣ አይቶም ያልፋል ወይም ይገባል። ነጋሪት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ይጎሰማል፣ አዋጁ ይነገራል፣ የሰማ ሰማ፣ ያልሰማ አልሰማም። የጥግ ምልክት ጣሳ ነው፤ ማሳወቂያ ነጋሪት ነው። አንዱ ያለውን ሁኔታ ያሳያል፤ ሌላው የሆነውን ድርጊት ያውጃል። ‹‹ኪቦርዱ አሁን በምን ቋንቋ ላይ ነው?›› የሚለው ጥያቄ የሁኔታ ጥያቄ ነው፤ ጸሐፊው በየአንቀጹ ምናልባትም በየዐረፍተ ነገሩ ይጠይቀዋል። በነጋሪት ልትመልስለት ብትሞክር ቀኑን ሙሉ ስትጎስም ትውላለህ። በሙያዬ ቋንቋ ካስቀመጥኩት፣ የጣሳው ጥቅም መረጃ የማግኛውን ዋጋ ወደ ዜሮ ማውረዱ ነው፤ ነጋሪቱ ግን ትኩረትን ያስከፍላል፣ ያውም ባልተፈለገ ሰዓት።

በላቲን ፊደል ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አይጠይቀውም። የሥርዓቱ ንድፍ አውጪዎች በአብዛኛው እንዲህ ዓይነት ጸሐፊዎች ናቸው። የእኛ ፊደል ግን 33 መነሻ ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ በላቲን ኪቦርድ ላይ ሁለትና ሦስት ቁልፍ በማጣመር እንጽፋለን፤ የሁለቱ ጽሕፈቶች መቀያየሪያም በአንድ ሰሌዳ ላይ ነው። ዩኒኮድ በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል እስኪቀበል ድረስ እያንዳንዱ የግዕዝ ፕሮግራም ሠሪ ፊደላችንን በላቲን ፊደላት የመዝገብ ቁጥር ላይ በራሱ ሥርዓት ይደረድር ነበር። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የዚያ ዘመን የቤት ስሞች ናቸው። የቁልፍ አደራደራቸውም የየራሳቸው ስለነበር፣ በአንዱ ጣቶቹ የሠለጠኑለት ሰው ወደ ሌላው ሲዛወር እንደ አዲስ ፊደል ቆጣሪ ይሆናል። እነዚህን ፕሮግራሞች የምናውቃቸው ደግሞ በጥጉ ምልክታቸው ነበር።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ላስቀድም። ግኖም በ2012 በእትም 3.6 አይባስ የተባለውን የፊደል መጻፊያ ሥርዓት ከራሱ ጋር አዋሕዷል። ስለዚህ በአይባስ በኩል የሚገባ የአማርኛ ኪቦርድ፣ ለምሳሌ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ በቀመሩት የሴራ አጻጻፍ ላይ የተመሠረተው፣ በስክሪኑ አናት ላይ ምልክቱን ያሳያል። ይህ ከአሮጌው መንገድ የተሻለ ነው፤ አልክድም። በዚህ በር ለሚገባ ሰው ጣሳው በቦታው አለ። ሆኖም ነባሩን ፕሮግራም ትቶ በአዲሱ በር ለመግባት የጣቶችን ልምድ መለወጥ፣ የአሮጌ ሰነዶችን ፊደል መገልበጥና ሁለቱንም የሚያሳይ ሰው ማግኘት ይጠይቃል። ያን ማድረግ ያልቻለው፣ የዊንዶውሱን ፕሮግራም ዋይን በተባለው ድልድይ በኩል ወደ ሊኑክስ ይዞት ይመጣል። ዋይን ደግሞ የጥግ ምልክትን የሚያሳየው በዚያው በአሮጌው ደንብ ነው። ደንቡን የሚቀበል ጥግ ሲያጣ ምልክቱ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ በስክሪኑ መካከል በምትንሳፈፍ ትንሽ መስኮት ውስጥ ይወድቃል። ሲዘጉ ወደ ጥጉ የሚሸሸጉ ሌሎች ፕሮግራሞች ደግሞ ጥግ በሌለበት ቤት ጨርሰው ይሰወራሉ፤ እየሠሩ ናቸው፣ ግን መመለሻ በራቸው የለም።

ባለፈው ክረምት በአንድ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ለጥቂት ቅዳሜዎች አግዝ ነበር። ለማኅበሩ የድጋፍ ደብዳቤና የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሆነው ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገሉ አንዲት እናት አሉ፤ እትዬ እንላቸዋለን። ኮምፒውተሩ ወደ ሊኑክስ ከተዛወረ በኋላ ሥራቸው ሦስት እጥፍ ረዘመ። አንድ መስመር ጽፈው ቀና ሲሉ የላቲን ፊደላት ውጥንቅጥ ያገኛሉ፤ ያጠፋሉ፤ እንደገና ይጽፋሉ። በመጨረሻ ጠሩኝና፣

‹‹ልጄ፣ አሁን አማርኛ ላይ ነው ወይስ እንግሊዝኛ ላይ?›› አሉኝ።

‹‹እትዬ፣ አንድ ፊደል ይምቱና ይዩት›› አልኳቸው።

‹‹እሱንማ ቀኑን ሙሉ እየመታሁ ነው›› አሉ።

የእትዬ ሰዓት በማንም የወጪ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ዴስክቶፑን የነደፉት አላዩትም፤ ማኅበሩም ‹‹ነጻ›› ሶፍትዌር አገኘሁ ብሎ ነው የመዘገበው። በገበያ ያልተተመነ የሰው ጊዜ ከወጪ የማይቆጠርበት ሒሳብ ሁልጊዜ ትርፍ ያሳያል።

የተቃራኒውን ወገን ምክንያት በሙሉ ክብደቱ ላቅርብ፤ ቀላል አይደለምና። ኤክስኢምቤድ የባዕድ መስኮትን በዴስክቶፑ አካል ውስጥ የሚሰካ ስልት ነው፤ ምልክቶቹ በአዳዲስ ስክሪኖች ላይ ይደበዝዛሉ፣ መጠናቸው ይዛባል። የቆመበት መሠረት፣ ማለትም ኤክስ የተባለው የስክሪን ሥርዓት፣ አንድ ፕሮግራም የሌላውን የቁልፍ ምት እንዲያዳምጥ የሚፈቅድ በመሆኑ ለደኅንነት አይመችም። ተተኪው ዌይላንድ ይህን ቀዳዳ ዘግቷል፤ አሮጌውም ስልት በእርሱ ላይ በቀጥታ ሊሠራ አይችልም። በዚያ ላይ የጥጉ ቦታ የጋራ ግጦሽ ሆኖ ነበር፤ የማተሚያ መሣሪያው፣ የሙዚቃ ማጫወቻው፣ ጠቃሚ ነኝ ባይ ሁሉ ምልክቱን እየሰካ አጨናንቆታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔም አሮጌው ስልት ለዘላለም ይኑር አልልም።

ነገር ግን ‹‹አዲሱ የተሻለ ነው›› የሚለው መልስ የሚመልሰው ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ጥያቄው በሽግግሩ ድልድዩን ማን ይሠራል የሚል ነው። ለዚህ ደግሞ እዚያው ሰፈር የተፈተነ መልስ አለ። የግኖም ተፎካካሪ የሆነው ኬዲኢ በ2014 ፕላዝማ 5ን ሲያወጣ እርሱም አሮጌውን ስልት ጥሎት ነበር። ተጠቃሚው ጮኸ። በዲሴምበር 2015 በወጣው እትም 5.5 አንድ ትንሽ አገናኝ ፕሮግራም ጨመሩ፤ አሮጌውን ምልክት ከዓይን በተሠወረ መስኮት ውስጥ ይቀበለዋል፣ ሥዕሉን አንሥቶ በአዲሱ ደንብ ጥጉ ላይ ያሳየዋል፣ ተጠቃሚው ሲጫነውም ጫናውን ወደ አሮጌው ፕሮግራም ያደርሳል። የንድፉ ንጽሕና አልጎደፈም፤ አሮጌው ፕሮግራምም አልሞተም። የኡቡንቱ ባለቤት ካኖኒካልም በ2017 ወደ ግኖም ሲመለስ የጥግ ምልክት የሚያሳይ ተጨማሪ አካል በራሱ ወጪ አብሮ ጫነ፤ ዛሬም ይዞት ይመጣል። እንግዲህ ድልድዩ የሚቻል መሆኑ ብቻ ሳይሆን ርካሽ መሆኑም ተረጋግጧል። የቀረው የፈቃድ ጉዳይ ነው።

ኢኮኖሚስቶቹ ጆሴፍ ፋረልና ጋርዝ ሳሎነር በ1986 ባሳተሙት ጥናት የነባር ተጠቃሚዎችን ዕጣ ተንትነዋል። አዲስ ቴክኖሎጂ ሲመጣ የሚሻገረው ሰው የራሱን ጥቅም ብቻ ያሰላል፤ ከኋላው ትቷቸው የሚሄደው ነባሮች ግን የሚጋሩት ሰው ባነሰ ቁጥር አሮጌው ነገር ለእነርሱ ዋጋ እያጣ ይሄዳል። ይህ ጉዳት በአሻጋሪው ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ሽግግሩ ከሚገባው በላይ ሊፈጥን ይችላል፤ ከሚገባው በታች ሊዘገይም ይችላል፤ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው የሒሳቡ አሠራር እንጂ የቴክኖሎጂው ጥራት ብቻ አይደለም። አልበርት ሂርሽማን በ1970 ያቀረበውን መለያ ብንጨምርበት ሥዕሉ ይሞላል፦ ያልተስማማው ሰው ወይ ይወጣል ወይ ይናገራል። የእኛ ጸሐፊ መውጫዋ በ61 ዶላር ተዘግቷል፤ ድምፅ የሚሰማበት መድረክም በእንግሊዝኛ የሚካሄድ፣ በፕሮግራመሮች ቋንቋ የሚከራከር ነው።

የአትላንታ አንባቢዎቼ ይህን የሒሳብ አሠራር በሌላ መልኩ ያውቁታል። በከተማው እምብርት የሚያልፈው አውራ ጎዳና በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሲሠራ ኦበርን ጎዳናን ለሁለት ቆረጠው። የመኪናው ፍጥነት እውነተኛ ጥቅም ነበር፤ ደረሰኙ ግን ለአንድ የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ተላከ። ከቤት መፍረስ ጋር የስክሪን ምልክትን በልክ ማስተያየት አሳፋሪ ነው፣ አላስተያይም። የማስተያየው ጥቅሙ በአንድ ዓምድ፣ ወጪው በሌላ ሰው መዝገብ የሚጻፍበትን መንገድ ነው።

‹‹ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ በጎ ፈቃደኞች ለማንም ዕዳ የለባቸውም›› የሚል መልስ ይመጣል። ለአንድ በትርፍ ሰዓቱ ለሚሠራ ወጣት ይህ መልስ ልክ ነው። ግኖምን ግን ደመወዝ እየከፈሉ የሚያሠሩ ኩባንያዎች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሬድ ሃት በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር ለአይቢኤም ተሽጧል። በዓለም በብዛት የሚጫኑትን የሊኑክስ ዓይነቶች ገጽታ የሚወስን አካል፣ ፈለገም አልፈለገ፣ ሕግ አውጪ ነው። ተጨማሪ አካል ጫኑና ችግሩን ፍቱት የሚለው ምክርም ወጪውን አያስቀርም፤ በየጊዜው እንዲታደስ ያደርገዋል እንጂ። ግኖም በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ እትም ያወጣል፤ በሴፕቴምበር 2023 የወጣው 45ኛው እትም ለምሳሌ ነባር ተጨማሪ አካላትን ሁሉ እንደገና ካልተጻፉ በቀር ከሥራ ውጭ አድርጓል። ያን ማስተካከል የሚችል የኮምፒውተር ባለሙያ በየክፍለ ዓመቱ ጎራ የሚልለት ስንቱ ማኅበር ነው?

ማይክሮሶፍትም ከዚህ ነጻ አይደለም። ዊንዶውስ 11 የአዳዲስ ፕሮግራሞችን ምልክት ከመነሻው በቀስት ጀርባ ይደብቃል፤ ተጠቃሚው ወደ ቅንብር ገብቶ አንድ በአንድ እንዲያበራቸው ይጠበቅበታል። ማብራት መቻሉ ግን ልዩነት አለው፤ ጣሳው ወርዷል እንጂ ዘንጉ አልተነቀለም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልግባ፤ የሌላውን ግድፈት ብቻ ቆጥሬ ብቀመጥ አንባቢን ማታለል ይሆናል። ዩኒኮድ ፊደላችንን ከተቀበለ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ለገበያ ሲቀርብ ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽና የአማርኛ መጻፊያ ይዞ መጥቷል። ኪይማን የተባለው የኪቦርድ ፕሮግራም በ2015 ወደ ኤስአይኤል ተዛውሮ በኋላ ነጻና ክፍት ሆኗል፤ በሊኑክስም ላይ በአይባስ በኩል ይሠራል። ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ ሳለ በዩኒኮድ ያልተጻፈ ደብዳቤ ዛሬም ከየመሥሪያ ቤቱ ይወጣል። ከአሮጌ አዋጅ ፋይል አንድ አንቀጽ ለመቅዳት የሞከረ ተመራማሪ የሚያገኘው የላቲን ፊደላት ዝባዝንኬ መሆኑን ከእናንተ መካከል የሕግና የፖሊሲ ባለሙያዎች የሆናችሁት ትመሰክራላችሁ። በነጋሪት ስም የተሰየመ ጋዜጣ ላይ የወጣ ሕግ በኮምፒውተር ሊፈለግ አለመቻሉ ምጸት ነው። የግል ፕሮግራም ሠሪዎቻችን የፊደል አደራደራቸውን እንደ ምሥጢር ይዘው መቆየታቸው፣ መንግሥትም እንደ ገዢ በበቂ ሁኔታ አለመጠየቁ፣ ጸሐፊዎቻችንን በአንድ አሮጌ ፕሮግራም ጥገኛ አድርጎ አቆይቷል። ድልድዩ ከዚያኛው ዳርም ከዚህኛውም ዳር አልተሠራም።

የምጠይቀው እንግዲህ ይህ ነው። የዴስክቶፕ ሠሪዎች ነባር ነገርን ከማንሣታቸው በፊት ሁኔታን የሚያሳዩትን ምልክቶች ከማስታወቂያ ጋጋታው ይለዩ፤ የፊደል መጻፊያን የመሰለ ሁኔታ የሚያሳየው ምልክት፣ በአዲሱም ሆነ በአሮጌው ደንብ ይምጣ፣ ተጨማሪ አካል ሳያስፈልገው ይታይ፤ የሚያነሣው አካል አገናኙን አብሮ ያቅርብ። ኬዲኢ አድርጎታልና አይቻልም ማለት አይቻልም። በዚህ በአሜሪካ ያለን ባለሙያዎች ደግሞ ለማኅበራችን ሊኑክስ ስንጭን ሥራው ዲስኩ ሲጨርስ አልቋል ብለን አንሂድ። ፕላዝማን ወይም የጥግ ምልክት የሚያሳየውን ኡቡንቱን እንምረጥ፤ የአይባሱን ኪቦርድ ከጸሐፊው ጎን ተቀምጠን ለጥቂት ሳምንታት እናለማምድ፤ አሮጌዎቹን ቃለ ጉባኤዎች ፕሮግራሙ ገና እየሠራ ሳለ ወደ ዩኒኮድ እንገልብጥ። የጊዜው ወጪ በማኅበሩ በጀት ላይ በዶላር ተተምኖ ይስፈር፤ የበላይ ጠባቂዎቹ ያን ቁጥር ሲያዩ የ‹‹ነጻ›› ትርጉም ይለወጥባቸዋል።

ለአገር ቤቱ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴርም የማቀርበው ሐሳብ አዲስ ስትራቴጂ አይደለም። በመንግሥት ግዢ ሰነድ ውስጥ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይግባ፦ በሕዝብ ገንዘብ የሚገዛ ማንኛውም የጽሕፈት ሥርዓት የአማርኛ ጽሑፍን በዩኒኮድ ብቻ ያስቀምጥ፤ ኪቦርዱ በየትኛው ቋንቋ ላይ እንዳለም ጸሐፊው ሳይጫን፣ ሳይጠይቅ፣ በማንኛውም ቅጽበት ሊያየው ይቻል። አቅራቢው ይህን ማሟላቱ የሚፈተነው በሻጩ ማሳያ አዳራሽ ሳይሆን በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ሃያ ዓመት በአሮጌው ፕሮግራም በሠራች ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ ክፍያውም እርሷ አንድ ሙሉ ደብዳቤ ጽፋ ከጨረሰች በኋላ ይፈጸም።